ጠቅልሎ ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው የአሜሪካ ባንክ አካውንቱን እንዴት ያቆያል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 66 ነው። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 24 ዓመት ኖሬያለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ጠቅልለን አዲስ አበባ ልንገባ ነው። በሁለታችን ስም ሁለት አካውንት አለን፤ አንዱ ቅርንጫፍ ባለው ትልቅ ባንክ፣ ሌላው ቅርንጫፍ በሌለው የኢንተርኔት ባንክ። ሶሻል ሴኩሪቲዬ (የመንግሥት ጡረታዬ) የሚገባው በመጀመሪያው ነው። አንድ ወዳጄ ‹አገር መልቀቅህን ባንኩ ካወቀ ይዘጋዋል፤ ዝም ብለህ የእህትህን ልጅ አድራሻ አስገባ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ሁሉንም ዘግተህ ዶላሩን ይዘህ ግባ› ይለኛል። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ትልቁን ባንክ ያቆዩት፤ የኢንተርኔት ባንኩን ግን ብዙ አይተማመኑበት። በእሱ ምትክ ከመሄድዎ በፊት አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ ንብረት የሆነ የቁጠባ ተቋም) ወይም ሌላ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ይጨምሩ። ዝግጅቱን ከበረራዎ ቢያንስ አራት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ከዚህ በታች ካለው አብዛኛው አሜሪካ ምድር ላይ ሆነው ካልተሠራ አዲስ አበባ ላይ የማይሠራ ነውና።

በመጀመሪያ ወዳጅዎ የተሳሳተበትን እናርም። ውጭ አገር የሚኖር ሰው የአሜሪካ ባንክ አካውንት እንዳይኖረው የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ከ2001 ጥቃት በኋላ የወጣው ሕግ ባንኩን የሚያስገድደው የደንበኛውን ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና መለያ ቁጥር እንዲይዝና እንዲያረጋግጥ ነው። ኢትዮጵያም አገሪቱን በሙሉ የሚሸፍን የአሜሪካ ማዕቀብ የለባትም፤ በ2021 የሰሜኑን ጦርነት ተከትሎ የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በስም የተለዩ ሰዎችንና አካላትን የሚመለከት ነው። እንግዲህ አካውንት የሚዘጋው በሕግ ሳይሆን በባንኩ የራሱ ምርጫ ነው፦ ውጭ አገር ያለን ደንበኛ መከታተል ወጪና ኃላፊነት ያበዛበታል። ምርጫው ከባንክ ባንክ ይለያያል። ቅርንጫፍ ያላቸው ትልልቅ ባንኮች ነባር ደንበኛ የውጭ አድራሻ ሲያስመዘግብ ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ። የኢንተርኔት ባንኮችና አክሲዮን የሚያገበያዩ ድርጅቶች ግን ውላቸው ላይ «የአሜሪካ ነዋሪ» የሚል ቃል ያስገባሉ፤ ሲደርሱበትም ይዘጋሉ። ለዚህ ነው ሁለተኛው አካውንትዎ የሚያሠጋኝ።

አሁን ወደ አድራሻው። የባንክ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉ፤ የመኖሪያ አድራሻና ፖስታ የሚላክበት አድራሻ። የእህትዎን ልጅ ቤት የፖስታ አድራሻ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ያንኑ ቤት «እኖርበታለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ግን ለባንኩ ሐሰት መናገር ነው። ሲታወቅ ደግሞ (ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ እየገቡ መታወቁ አይቀርም) ባንኩ የሚያነሳው ጥያቄ የአድራሻ መሆኑ ቀርቶ የእምነት ይሆናል። ሌላም መዘዝ አለ፦ የሜሪላንድ አድራሻ፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድና የመራጭነት ምዝገባ አንድ ላይ ሲገኙ ግዛቱ «ነዋሪነትህን አልተውክም» ብሎ የገቢ ግብር ሊጠይቅ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአካውንት ውሉን ያውጡና ስለ ነዋሪነት የሚለውን ያንብቡ። ከዚያ ሁለታችሁም ፓስፖርት ይዛችሁ ቅርንጫፉ ሂዱና «ነባር ደንበኞች ነን፤ የመኖሪያ አድራሻችን ወደ ኢትዮጵያ ቢቀየር፣ ፖስታው ሜሪላንድ ቢቀር አካውንቱ ይቀጥላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠራተኛው የቃል መልስ በቂ አይደለም፤ ያንኑ ጥያቄ በባንኩ ድረ ገጽ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ልከው መልሱን በጽሑፍ ያስቀሩ። እምቢ ካሉ ገና ነዋሪ ስለሆኑ ሌላ ባንክ በእውነተኛ አድራሻ መክፈት ይችላሉ። አራት ወር ያልኩት ለዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ አዲስ የአሜሪካ አካውንት መክፈት የማይቻል ያህል ከባድ ነው፤ ያለውን ማቆየት ግን የዚያን ያህል አያስቸግርም። የኢትዮጵያ አድራሻ ሲሞላ ሥርዓቱ የፖስታ ኮድ ካልተሰጠው አላልፍ ሊል ይችላል፤ ለአዲስ አበባ 1000 ይጻፉ። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥሩን በሁሉም ባንክ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያስመዝግቡ፤ አንዱ ጋ «ቦሌ» አንዱ ጋ ሌላ አጻጻፍ ሲሆን ማረጋገጫ ላይ ያጣብቃል።

አካውንት ከእጅ የሚወጣው ግን በአብዛኛው በአድራሻ አይደለም። በስልክ ቁጥር ነው። ባንኩ በገቡ ቁጥር፣ ገንዘብ በላኩ ቁጥር በጽሑፍ መልእክት ኮድ ይልካል። የአሜሪካው ቁጥር ከተዘጋ ኮዱ አይደርስም፤ ኮዱ ካልደረሰ ቁጥር መቀየር አይቻልም፤ ቁጥር ለመቀየርም ኮድ ይጠየቃል። ክቡ ውስጥ የገባ ሰው በስልክ ሰዓታት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም «ቅርንጫፍ ይምጡ» ይባላል። ስለዚህ አሁን ያለዎትን ቁጥር እንዳለ ይዘው ወርሃዊ ክፍያው ጥቂት ዶላር ወደሆነ የቅድመ ክፍያ አገልግሎት ያዛውሩት። ኩባንያው በዋይፋይ መደወልንና መልእክት መቀበልን ከውጭ አገርም የሚፈቅድ መሆኑን መጀመሪያ ይጠይቁ። ስልክዎ ከማንኛውም ኩባንያ የተፈታ መሆን አለበት። የአሜሪካውን ቁጥር በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም)፣ የኢትዮ ቴሌኮምን በሲም ካርድ አድርገው በአንድ ስልክ ሁለቱን መያዝ ይቻላል። በዋይፋይ መደወያውን አሜሪካ ሳሉ ማስጀመር ያስፈልጋል፤ የድንገተኛ አደጋ አድራሻ ይጠይቃልና።

ፈተናው ቀላል ነው፤ አይዝለሉት። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉ፣ ዋይፋይ ብቻ ይክፈቱ፣ ከዚያ ከየባንኩ ኮድ ይጠይቁ። ከአንዱ እንኳ ካልደረሰ መፍትሔውን ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ይፈልጉ። ሰዎች የሚወዱት ጉግል ቮይስ የሚባለውን የኢንተርኔት ስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥርን ወደ እሱ ማዛወር 20 ዶላር ነው፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ችግሩ አንዳንድ ባንኮች የኢንተርኔት ቁጥር መሆኑን ለይተው ኮድ አለመላካቸው ነው። ብቸኛ መንገድ አያድርጉት። ባንኩ በኮድ ሰጪ መተግበሪያ ወይም በትንሽ ኮድ ሰጪ መሣሪያ መግባት የሚፈቅድ ከሆነ ያንንም ያስመዝግቡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ኢሲም እንደገና ለማውረድም ኩባንያው ወደዚያው የጠፋ ቁጥር ኮድ ሊልክ ይችላል። የባለቤትዎ ስልክ በራሱ ቁጥርና በራሱ የመግቢያ ስም የተመዘገበ መሆኑ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል።

ቀጥሎ ፖስታ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አድራሻ ሲቀየር ደብዳቤን እስከ 12 ወር ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ባንኮች ግን ካርድና አስፈላጊ ደብዳቤ የሚልኩበት ፖስታ «አታስተላልፍ፣ ለላኪው መልስ» የሚል ምልክት አለበት። ፖስታው ሲመለስ አካውንቱ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ካርዱም ሊታገድ ይችላል። የፖስታ አድራሻውን በባንኩ መዝገብ ላይ ራሱ ይቀይሩ፤ መግለጫዎችን ሁሉ በኢሜይል እንዲሆኑ ያድርጉ። ደብዳቤ ተቀብለው ፎቶ አንስተው የሚልኩ የግል ፖስታ ሳጥን ድርጅቶችም አሉ፤ ለፖስታ መቀበያ ጥሩ ናቸው፣ የመኖሪያ አድራሻ ግን ሊሆኑ አይችሉም፤ ባንኮች የንግድ ሳጥን መሆኑን ከመዝገብ ያውቁታል። እንደኔ የእህትዎ ልጅ ይበልጣሉ፤ ከባንክ የመጣን ወፍራም ፖስታ አይተው በዚያው ቀን ይደውላሉ።

ከዚያ የአካውንት መቀዝቀዝ አለ። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ያልነካው አካውንት ገንዘቡ ወደ ግዛቱ መንግሥት ይተላለፋል። በሜሪላንድና በካሊፎርኒያ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 5 ዓመት ነው። ገንዘቡ አይወረስም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከግዛቱ ገንዘብ ተቆጣጣሪ ቢሮ አመልክቶ ማስመለስ ይቻላል። ግን ከአዲስ አበባ ሆኖ በኖታሪ ማረጋገጫ ወረቀት መጨቃጨቅ ማን ይፈልጋል? ባንኩ ራሱ የጨመረው ወለድ እንደ እንቅስቃሴ ላይቆጠር ይችላል፤ የእርስዎ እጅ ያለበት ነገር መሆን አለበት። በየሦስት ወሩ ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው 5 ዶላር ያዛውሩ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚገባበትንም ቢሆን ከዚህ ልማድ አያውጡት።

በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ የኢንተርኔት አገልግሎት) ተደብቆ ወደ አካውንትዎ መግባትን አይሞክሩ። ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከዳላስ፣ ማታ ከአምስተርዳም የገባ ሰው ለባንኩ ማሽን ሌባ ይመስላል። ኢትዮጵያ እንዳሉ የነገሩት ባንክ ከኢትዮጵያ ሲገቡ አይደነግጥም። ካርዶቹም ላይ የማብቂያ ወሩን ይመልከቱ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ጊዜ ከቀራቸው ሳይሄዱ እንዲታደሱ ይጠይቁ። አዲስ ካርድ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ባንክ ጥቂት ነው።

ገንዘቡ አዲስ አበባ እንዴት ይደርሳል? በቪዛና በማስተርካርድ ከአዲስ አበባ ኤቲኤም ብር ማውጣት ይቻላል፤ ዶላር አይሰጥም። ባንክዎ የውጭ ግብይት ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ በየጊዜው 3 በመቶ ያህል ይበላል፤ ለወር ወጪ የሚሆን መንገድ አይደለም። የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎች ደግሞ የተሠሩት አሜሪካ ቆሞ ለሚልክ ሰው ነው፤ እዚያው ኢትዮጵያ ሆኖ ለራስ መላክ ብዙዎቹ ያግዱታል። አስተማማኙ ከባንክ ወደ ባንክ የሚደረግ ዋየር ነው። አገልግሎቱን ከመሄድዎ በፊት ያስከፍቱ፤ የኢትዮጵያውን ባንክ የስዊፍት ኮድ (ባንኩ በዓለም አቀፍ ዝውውር የሚለይበትን) እና የአካውንት ቁጥርዎን አስቀምጠው አንድ ትንሽ ገንዘብ ልከው ይሞክሩ፤ ስምዎም በሁለቱ ባንኮች ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል መዘባረቅ ዋየር የሚመልስ የተለመደ ምክንያት ነው። አንዱ ዋየር በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ዶላር ስለሚያስከፍል በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ሰብሰብ አድርጎ መላክ ያዋጣል።

«ዘግተህ ይዘህ ግባ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ በእጅ ይዞ ከአሜሪካ መውጣት ይፈቀዳል፤ ሳያስመዘግቡ ከወጡ ግን ገንዘቡ ሊያዝ ይችላል። አዲስ አበባም ሲደርሱ ለጉምሩክ ማሳወቅና ወረቀቱን መያዝ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ አገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ አካውንት መክፈት ይችላል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁንና ያ ዶላር ተመልሶ ሲወጣ የብሔራዊ ባንክን መመሪያ ተከትሎ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ወደ ብር መለወጥ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ያ ማሻሻያ ራሱ አሳይቷል፦ በማሻሻያው ዋዜማ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ወደ ኢትዮጵያ የስድስት ወር ወጪ ያስገቡ፤ ቀሪው እዚያው ይቀመጥ።

ሶሻል ሴኩሪቲም ለብቻው አካውንቱን ለማቆየት በቂ ምክንያት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወዲህ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ጡረታን በወረቀት ቼክ መክፈል አቁሟል። የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር እርስዎ ውጭ መኖርዎ አያስጨንቀውም፤ ዜጋ ስለሆኑ ክፍያው ወደ አሜሪካ ባንክዎ መግባቱን ይቀጥላል። ግን መሄድዎን ማሳወቅ ግዴታዎ ነው። ውጭ ለሚኖሩ ተከፋዮች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ ይላካል፤ ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። ሰዉ «ባንኩ ዘጋብኝ» የሚለው አንዳንዱ ነገር ሲመረመር ይኸው ያልተመለሰ መጠይቅ ሆኖ ይገኛል።

ግብርን ባጭሩ፦ ዜጋ የትም ቢኖር ለአሜሪካ ያሳውቃል፤ ውጭ ለሚኖር የማስገቢያው ቀን ራሱ በራሱ እስከ ጁን 15 ይራዘማል። ብዙዎች የሚስቱት የውጭ አካውንት ማስታወቂያውን፣ ኤፍባር የሚባለውን ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ አካውንቶችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ ሳይጠየቅም እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ዶላር 130 ብር ቢሆን 1.3 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ቤት ለመግዛት ያስገቡት ገንዘብ ለአንድ ሌሊት አካውንትዎ ውስጥ ካደረ ያልፋል። ደግሞ የራስዎ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ የእድር ወይም የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ሆነው ፈራሚ ከሆኑ ያም አካውንት ይገባል። ሽምግልና ላይ «አንተ አሜሪካ የነበርክ፣ ታማኝ ነህ» ተብሎ ፊርማ ሲሰጥዎት ይህን ያስታውሱ። ማስታወቂያው ግብር አያስከፍልም፤ አለመሙላቱ ግን ባለማወቅ ቢሆን እንኳ ለአንዱ ዓመት ከ10,000 ዶላር የሚያልፍ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

የእህትዎን ልጅ የጋራ ባለቤት አድርገው አካውንቱ ላይ እንዳይጨምሯቸው። የጋራ ባለቤት ማለት በሕግ ባለቤት ማለት ነው፤ የእሳቸው ዕዳ ወይም ፍቺ የእናንተን ገንዘብ ይነካል። የሚሻለው ባንኩ በራሱ ቅጽ የሚሰጠው ውክልና ነው፤ አቅም ቢያጡም የሚጸና መሆኑ ተጽፎበት፣ ቅርንጫፍ ውስጥ ሦስታችሁም ፊት ለፊት ተፈርሞ። ውክልና በሞት ያበቃል፤ ስለዚህ ከሁለታችሁ በኋላ ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል በዚያው ቀን ስም ያስመዝግቡ። ይህን አዲስ አበባ ሆነው ቢያደርጉት በአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ፣ ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ማኅተም 50 ዶላር ከፍለው ነው፤ ያኔም ባንኩ የራሴ ቅጽ ካልሆነ ሊል ይችላል።

ይህን የሚያነቡ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ነገራቸው ይለያል። ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት የመመለሻ ፈቃድ አሜሪካ ውስጥ ሳሉ መጠየቅ አለበት፤ የሚሰጠውም እስከ 2 ዓመት ነው። ግሪን ካርዱን የተወ ሰው ለባንኩ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ መሆኑን የሚገልጸውን ዳብሊው 8 ቤን ቅጽ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የባንክ ወለዱ በአሜሪካ አይቀረጥም፤ ግን ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ጊዜው ያልፋል። ካልታደሰ ባንኩ ከወለዱ 24 በመቶ መቁረጥ ይጀምራል። ሶሻል ሴኩሪቲም ዜጋ ላልሆነ ሰው ከ6 ወር የውጭ ቆይታ በኋላ ሊቋረጥ የሚችልበት ደንብ ስላለ ሳይሄዱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ባንኩ አንድ ቀን «አካውንትዎን እንዘጋለን» ቢል ቀነ ገደብ ይሰጣል። የሚሠራው ነገር አንድ ነው፦ ከቀነ ገደቡ በፊት ቀሪውን ወደ ሁለተኛው (ከመሄድዎ በፊት በጨመሩት ባንክ ወዳለው) አካውንት በራስ እጅ ማዛወር፣ የሶሻል ሴኩሪቲውንም መግቢያ እዚያው መቀየር። ዝም ካሉ ባንኩ ቀሪውን በቼክ ጽፎ ወደ ፖስታ አድራሻዎ ይልካል። የዶላር ቼክ አዲስ አበባ ድረስ ማስላክና ማስመንዘር ወራት ይፈጃል፤ የእህትዎ ልጅም በራሳቸው አካውንት ሊያስገቡት አይችሉም፤ በእናንተ ስም ወደ ተከፈተው ሁለተኛ አካውንት ግን በፖስታ ወይም በቅርንጫፍ ሊያስገቡላችሁ ይችላሉ። የሁለተኛውን አካውንት ቁጥርና የማስገቢያ ወረቀት አሁኑኑ እጃቸው ላይ ይተዉ።